ባዶ እጇን የሄደችው ጠያቂ

የእስር ቤት ፊልም ሲባል የሚጠበቀው ይታወቃል፤ ግንብ የሚዘል፣ ጩቤ የሚማዘዝ፣ ሌሊት ለሌሊት ጉድጓድ የሚምስ እስረኛ። «ሚድል ኦፍ ኖዌር» ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከግንቡ ውጭ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ስልክ የምትጠብቅ ሴት አልጋ አጠገብ። ባልየው ያደረገውን ቁጭ ብሎ የሚተርክልን የለም። የምናየው ሩቢ የምትባል ወጣት ሴት ከባሏ እስራት ጋር እንዴት እንደምትኖር ነው።

ሩቢ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሕክምና ትማር ነበር። ባሏ ዴሪክ 8 ዓመት ተፈረደበት፤ ጠባዩን ካሳመረ በ5 ዓመት ሊወጣ ይችላል። እሷ ትምህርቷን ትታ በነርስነት የሌሊት ተረኛ ሆነች፤ ቀን እሱ ሲደውል ስልኩ ሳይነሳ እንዳይቀር። የጥየቃ ቀን ሲደርስ ከከተማው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በረሃ ውስጥ ወዳለው ቪክተርቪል በአውቶቡስ ትሄዳለች። እናቷ የልጇ ዕድሜ እንዲህ ሲያልፍ ማየት አንገብግቧታል፤ እህቷ ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች። አንድ የአውቶቡስ ሾፌርም አለ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ፊልሙን የጻፈችውም ያዘጋጀችውም ኤቫ ዱቨርኔ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የአሜሪካ ድራማ ዘርፍ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆናበታለች። ወጪው 200 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ሆሊውድ ውስጥ ይህ ገንዘብ ለምንም አይበቃም። ሴትየዋ ወደ ዝግጅት ከመግባቷ በፊት የሰው ፊልም የምታስተዋውቅ ባለሙያ ስለነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የጥቁሮችን ፊልም የሚያከፋፍል የራሷን ድርጅት አቋቁማ ነበር፤ ይኼኛውንም በዚያው በኩል አሳየችው። ይህን የማነሳው ሽልማቱ ስለደነቀኝ አይደለም። ገንዘብ ያልበዛበት ፊልም ጊዜ ሲኖረው ያስታውቃል። ሩቢ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ እውነትም ትጠብቃለች።

ፊልሙን ያየሁት ደሴ፣ ቤቴ፣ በላፕቶፕ ነው፤ መጀመሪያ ብቻዬን፣ ኋላ ደግሞ ከእታለም ጋር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከእታለም ጋር ያየሁት ነው።

እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ባሏ ታስሮ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያኔ የአሰብ መስመር ገና አልተዘጋም፣ ኮምቦልቻም በሾፌር ትኖር ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ሌሊት ሰው ገጨ፤ ሰውየው ሞተ። አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ ገብተው ከሟች ቤተሰብ ጋር እርቅ ወረደ፣ ካሳም ተከፈለ። ፍርድ ቤቱ ግን እርቅ ወረደ ብሎ አይለቅም፤ ስድስት ዓመት ፈረደበት፣ በአመክሮ በአራት ዓመት ወጣ። ሰውየው ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቻቸውም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። እታለም ብቻዋን ናት፤ ፊልም ትወዳለች፣ በተለይ ሰው የሚያለቅስበትን።

እንግሊዝኛ አታውቅም። እኔ እየተረጎምኩላት ቡናው እየተፈላ ነው የምናየው። ሩቢ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ እስር ቤቱ ስትገባ እታለም ስኒውን አስቀመጠችና፣

«ስንቁስ?» አለች።

«የምን ስንቅ?»

«ስንቁን የት አደረገችው? አውቶቡስ ላይ ረሳችው እንዴ?»

እዚያ አገር ከቤት ምግብ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ ነገርኳት። ጠያቂው ሳንቲም ይዞ ይገባና በሳንቲም ከሚሠራ ማሽን ብስኩት ወይም ለስላሳ ገዝቶ አብሮ ይቀምሳል፤ በቃ። እታለም ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችውና፣ «ያረቢ! ታዲያ ባዶ እጇን ገብታ ምን ልትለው ነው?» አለች።

በፊልሙ ላይ የተጻፉ ብዙ ነገሮችን አንብቤአለሁ፤ ስለ አሜሪካ የእስር ብዛት፣ ስለ ጥቁር ሴቶች፣ ስለ ካሜራው ብርሃን። ሁሉም ደህና ናቸው። ከእታለም ጥያቄ የቀረበ ግን አላገኘሁም። ሩቢና ዴሪክ ጠረጴዛ ይዘው ሲቀመጡ በመካከላቸው የሚቀርብ ነገር የለም። ቃል ብቻ ነው ያለው። ቃሉ ሲያልቅ ደግሞ የሚታየው የሁለቱ ፊት ነው። ፊልሙ የሚያስጨንቀው እዚያ ላይ ነው፤ ማንም ሳይጮህ፣ ማንም ሳይመታ።

እኛ ጋ ቃል ሲያልቅ ወጡ አለ።

ስንቅ የማመላለስን ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ትነሻለሽ። እንጀራው ትናንት ተጋግሯል፣ ወጡ ዛሬ ይሠራል፤ ያደረ ወጥ ከተላከ እስር ቤት ውስጥ አብረውት የሚበሉት ሰዎች ሚስቱን ይታዘቧታል። ምሳ ዕቃው በጨርቅ ይታሰራል፣ ፔርሙዙ ከሥሩ በፌስታል ይጠቀለላል። በር ላይ ወረፋ አለ። ፈታሹ እንጀራውን ቅጠል በቅጠል ይገልጠዋል፣ ወጡን በማንኪያ እስከ ታች ያማስለዋል፣ ከዚያ «ቅመሺ» ይላል። አምጪዋ ራሷ ጎርሳ ካልዋጠች አይገባም። ከዚያ ወዲያ በእንጨት አጥር በዚህና በዚያ ቆሞ፣ ከሃምሳ ሰው ጋር እኩል እየጮኹ መነጋገር ነው። ልጅ ሆኜ አብሬያት ስሄድ የሰማሁት ጭውውት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ምስሩ ደረሰህ?» «ደረሰኝ። ጨው በዝቶበታል።» «በርበሬው ነው እንጂ ጨው አላበዛሁም።» «ካልሲ ላኪልኝ።» «የትኛውን?» ሰዓቱ አለቀ። ባልና ሚስት ናቸው።

እታለም ክርስቲያን ናት፣ ባሏ እስላም ነበር፤ ወሎ ላይ ይኼ ማንንም አያስገርምም። ስንቁ ግን ጣጣ ነበረው። ዶሮዋን የሱ እህት ቤት ወስዳ ታሳርዳለች፣ በሱ ድስት ትሠራለች፣ እስላም እስረኞች ከሚበሉበት ገበታ እንዲደርስ ለይታ ታስራለች። አንድ ጊዜ ዓቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ይዛ የሄደችው ዶሮ ወጥ ነው። ፈታሹ «ቅመሺ» አላት። ጾም ላይ ነኝ አለችው። «እንግዲያው መልሽው» አለ። ከኋላዋ ወረፋው ይገፋል፣ ከውስጥ ባሏ ስሙ ተጠርቶ ቆሟል። ቀመሰች።

ለነፍስ አባቷ ስትናገር ስግደት አዘዟት፤ ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ በጾም ወራት ምስር ቢበላ ምን ይሆናል?» አሏት። ይህን ስታወራ ዛሬም ትስቃለች። እኔ ግን ያን ጎርሳ የዋጠችውን ለባሏ ነግራው እንደሆን ጠየቅኳት። አልነገረችውም። በአጥር ላይ ይህን መጮህ አይቻልማ። ሲወጣስ? ሲወጣም አልነገረችውም።

እንግዲህ የኔ ነገር ይኼ ነው። ስንቁ ያኗኑራል፣ እውነት ነው፤ ያለሱ ማን ይቆይ ነበር። ግን ደግሞ ትዳሩን ይሸፍነዋል። አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ስለ ምስር፣ ስለ ካልሲ፣ ስለ ጠበቃና ስለ ቀጠሮ ተነጋገሩ። ሰፈሩም የሚያየው ምሳ ዕቃውን ነው። ምሳ ዕቃው ካልተቋረጠ ትዳሩ ደህና ነው ይባላል፣ ሴትየዋም ጨዋ ናት ተብሎ ይመሰገናል። ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት የሰፈሩ ሴቶች፣ በየቡናው «አላህ ያስፈታልሽ» ብለው መርቀዋታል፤ ከልባቸው ነው። «አንቺስ እንዴት ነሽ? ሌሊት እንዴት ነው?» ያላት ሰው ግን አንድም የለም። ይህን ያለችኝ ራሷ እታለም ናት፤ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ የዝናቡን ነገር እንደምታወራ አድርጋ።

ሩቢ ምሳ ዕቃ ስለሌላት ይህን መሸሸጊያ አላገኘችም። ስለዚህ ፊልሙ እኛ ልናየው የማንፈልገውን ነገር በቀጥታ ያየዋል፤ ናፍቆትን አይደለም፣ እሱን እናውቅበታለን። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ብለን ቅኝቶቹን ሁሉ የሰየምንበት አገር ናፍቆትን ሊያስተምሩት አይገባም። ፊልሙ የሚያየው የምትጠብቀዋ ሴት በጥበቃው ውስጥ ሌላ ሰው እየሆነች መሄዷን ነው። ያገባችው ልጅ ሌላ ነበረች። ዴሪክ ግን የሚያስበው ያችኑ ነው፤ እሷም ሲደውል ያችኑ ሆና ታወራዋለች። ሩቢን የምትጫወተዋ ኤማያትዚ ኮሪንያልዲ ይህን የምታሳየው በድምፅዋ ነው፤ ስልክ ስታነሳ ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ዘግታ ስትነሳ ይወርዳል። እታለም ቋንቋውን ሳትሰማ ለየችው፤ «ለሱ ስታወራ ልጅ ትሆናለች» አለች።

ለእስር ቤት ታሪክ እኛ ወሎዎች እንግዳ አይደለንም። ዛሬ መስከረም 21 ሕዝብ የሚጎርፍበት የአምባሰሉ ግሸን ለዘመናት የነጋሢ ዘር የሆኑ ወንዶች ዙፋን እንዳይመኙ የሚጋዙበት አምባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አህመድ ጦር እስኪይዘው ድረስ። መቅደላም ያው ደቡብ ወሎ ነው። ልጅ ምኒልክ የአፄ ቴዎድሮስ ግዞተኛ ሆነው ሲያድጉ ንጉሡ ልጃቸውን አልጣሽን ድረውላቸው ነበር። ሰኔ 1857 ዓ.ም ምኒልክ በሌሊት ከመቅደላ ሲያመልጡ ሚስታቸውን እዚያው ትተዋት ሄዱ። መንገድ የሰጠቻቸው የወሎዋ ገዥ ወርቂት ናት፤ የሷ ልጅ አመዴ ደግሞ እዚያው አምባ ላይ ታስሮ ነበርና ቴዎድሮስ ገደሉባት። ይህን ታሪክ ስንማር አስተማሪያችን ስለ ማምለጡ ሌሊት ጥሩ አድርጎ ያወራ ነበር። ትምህርት ቤታችን የሴት ስም የያዘ ነው፤ ወይዘሮ ስሂን። ቢሆንም አልጣሽ በማግስቱ ጠዋት ምን ሆና እንደነቃች ማንም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅኩ። የእስር ታሪክ የእስረኛውና የአሳሪው ታሪክ ነው ብለን ነው የተማርነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። መሃሉ ላይ የአመክሮ ችሎት የመሰለ ነገር አለ፤ ፊልሙ የሚሰበረው እዚያ ነው፣ ስለዚህ ላላያችሁት ይህን አንቀጽና ቀጣዩን ዝለሉ ብል አይከፋም። በኛ ሕግ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 አመክሮ ለማግኘት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን መፈጸም፣ ጠባይንም ማሳመር ይጠይቃል። የዴሪክ 8 ዓመት እኛ ጋ ቢሆን 5 ዓመት ከ4 ወር መሆኑ ነው፤ ከነሱ ብዙም አይርቅም። ሁለቱም ጋ ታዲያ አንድ ነገር አለ፤ የታሳሪው ጠባይ የሚስትየው የቀን መቁጠሪያ ይሆናል። እሱ ውስጥ ቢጣላ እሷ ውጭ አንድ ዓመት ይጨመርባታል። እታለም በየሳምንቱ በአጥር ላይ «ከማንም አትጣላ» እያለች ትጮህ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያኔ ምክር ይመስለኝ ነበር።

ሩቢ ከሌላት ገንዘብ ጠበቃ ቀጥራለች። ችሎቱ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ባሏ መጣላቱ ብቻ ሳይሆን ከአንዲት የእስር ቤቱ ጠባቂ ጋር ግንኙነት እንደነበረው ከመዝገብ ይነበባል። እታለም ምን ትላለች ብዬ ስተረጉም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ትረግመዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ያናደዳት ሌላ ነው። «በሰው ፊት!» አለች። «ቢሮ ውስጥ! ከፍላ በቀጠረቻት ጠበቃ ፊት!» ሰውየው መሳሳቱ አልገረማትም፤ ወንድ ነው፣ ታስሯል፣ ሸይጣን አለ አለች። ያልተቀበለችው ሚስትየው ስለ ገዛ ትዳሯ ከባዕድ አፍ መስማቷን ነው። በየሳምንቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ምግብ እንኳ ሳያቋርጣቸው፣ እንዴት አልነገራት?

ይህ ነገር አሰብኩበት። ባዶ ጠረጴዛውም ቢሆን እውነት አያናግርም ማለት ነው። ፊልሙ ላይ ሁለቱ አንዱ ሌላውን እንዳያሳዝን ሲጠነቀቁ ነው ዓመቱ የሚያልፈው። እሷ ድካሟን ትደብቃለች፣ እሱ ኃጢአቱን። ጥየቃ አጭር ነው፤ አጭር ሰዓት ውስጥ ማን ይጣላል? ተጣልቶስ ለሳምንት ማን ያስታርቃል? ቤት ያለ ባልና ሚስት ማታ ቢጣሉ ጠዋት ቡና አለ። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር የመገናኘትና የመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ጥሩ ሕግ ነው። የመኳረፍ መብት ግን በጥየቃ ሰዓት ውስጥ አይገባም።

አሁን ሾፌሩ። ብራየን ይባላል፣ ዴቪድ ኦየሎዎ ነው የተጫወተው፤ ሩቢ የምትሳፈርበትን አውቶቡስ ይነዳል። ፊልሙ ላይ ካለኝ ቅሬታ ትልቁ እሱ ነው። ሰውየው ከመጠን ያለፈ ደግ ነው፤ ትዕግሥተኛ፣ መልከ መልካም፣ ሥራ ያለው፣ ያውም በየቀኑ በሷ ፌርማታ የሚያልፍ። ሩቢ ትዳሯን እንድትመረምር እንዲህ ያለ ሰው ባያስፈልግ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም ባይመጣስ? ብዙዋ ጠባቂ ማንም አይመጣላትም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ኤቫ ዱቨርኔ እዚህ ላይ ትንሽ የፈራች ይመስለኛል፤ ተመልካቹ ሴትየዋን እንዲከተላት የሚያምር ወንድ አቆመችላት።

እታለም ከኔ አልተስማማችም። ለሷ ሾፌሩ የፊልሙ እውነተኛ ክፍል ነው። «ሾፌር ማለት እንዲህ ነው» አለች፤ ሾፌር አግብታ ኖራለችና አልተከራከርኳትም። ቀጥሎ ግን፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ ስንቅ ይዛ በምትመላለስበት ጊዜ አንድ ባለታክሲ ምሳ ዕቃዋን ይይዝላት እንደነበር ነገረችኝ። ሌላ ምንም የለም። እጇ እንዳይቃጠል ፔርሙዙን ይቀበላታል፣ ስትወርድ ያቀብላታል። ሦስተኛው ወር ላይ ጎረቤቷ ቡና ላይ «ያ ባለታክሲ ዘመዳችሁ ነው?» አለቻት። በሚቀጥለው ሳምንት እታለም መንገዱን በእግሯ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በታክሲ አልሄደችም፤ እስከ መጨረሻው።

ይህን ስሰማ ሰፈሩን ተቀየምኩት። ያ የሚመርቅ ሰፈር፣ ያ ሲቸግራት ጤፍ የሚያበድር፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ደጇን ያልለቀቀ ሰፈር፣ እጇን ከፔርሙዝ ያሳረፈላትን ሰው ግን አልፈቀደላትም። ሩቢ እናቷ ትቆጣታለች እንጂ መንደር የላትም። እታለም መንደር ነበራት። የትኛዋ እንደተሻላት ለመወሰን ብዙ አሰብኩ፤ ከሩቢ ጎን ላዘነብል እልና ያበደሩት ጤፍ ትዝ ይለኛል።

ፊልሙ የማይነካው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ከተፈታ በኋላ ያለውን። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ አንድ ፊልም ሁሉን አይችልም። ግን እታለም የተናገረችው ከፊልሙ በኋላ ስለሆነ ልጨምረው። ባሏ የወጣ ቀን በሬ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰዉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። «የምናወራው ጠፋን» አለችኝ። አራት ዓመት ስትልክለት የኖረችውን ወጥ ፊቱ ስታቀርብለት ጨው በዝቶበታልም አላለም፣ ጥሩ ነውም አላለም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የሚቆጥረው ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስላል። በር ክፍት ሆኖ እንኳ «ልውጣ?» ብሎ ይጠይቃታል። መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም፤ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዘበኛ ሆነ። እታለም ከአራቱ ዓመታት ይልቅ ያ አንድ ዓመት እንደከበዳት፣ ለማን እንደምትናገረው ግን እንዳላወቀች ነገረችኝ። ተፈትቶልሻል፤ ምን ቀረሽ? ይሏታላ።

በነገራችን ላይ ፊልሙን የቀረጸው ብራድፎርድ ያንግ ከኛ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር መምህሩ የ«ጤዛ» ፊልም አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ ነበር። የጥቁር ሰው ፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ ሳይጠፋ፣ በግድ ብርሃንም ሳይበዛበት የሚታይበት አሠራሩ እዚህ ፊልም ላይ ጎልቶ ይወጣል። እና ነገሩ እዚያ አያበቃም። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ራሱ፣ ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ፊልም ሠርቷል። «ቡሽ ማማ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው የወጣው። ዋትስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር የምትኖር ዶሮቲ የተባለች ሴት አለች፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰው ባሏ ቲሲ ባልሠራው ወንጀል ይታሰራል። እሷ ልጅ ይዛ፣ ሌላም አርግዛ፣ በመንግሥት ድጎማ ቢሮዎች መካከል ትንከራተታለች፤ ጽንሱን እንድታስወርድ ይገፋፏታል። እሱ ከእስር ቤት ደብዳቤ ይጽፍላታል። ከሩቢ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በዚያው ከተማ፣ የኛ አገር ሰው ካሜራውን ከግንቡ ውጭ ያለችው ሴት ላይ አዙሮ ነበር።

ሁለቱ ፊልሞች ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። ኃይሌ ይጮሃል፤ ቢሮውን፣ ፖሊሱን፣ አገሩን ይከሳል፣ ዶሮቲም በመጨረሻ ትነቃለች። ዱቨርኔ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ክሱንም ወደ ጎን ትታ አልጋው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች። ወጣት ሳለሁ ብሆን የኃይሌን እመርጥ ነበር። አሁን ሁለቱንም እፈልጋለሁ፤ አንዱ ሰውየው ለምን እንደታሰረ፣ ሌላው ሴትየዋ ማታ ምን እንደምትሆን ይነግሩኛል። ከእታለም ጋር ተቀምጬ ያየሁት የዝግታውን ባይሆን ግን ስለ ባለታክሲውም፣ ስለዚያ ከባድ ዓመትም የምሰማ አይመስለኝም። ጩኸት ሲበዛ እሷ «ዝም በይው» ብላ ቡናዋን ነው የምትጠጣው።

ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ አልናገርም። እኔና እታለም የተጣላነው እዚያ ላይ ነው፤ አሁንም አልታረቅንም። እኔ ሩቢ ዴሪክን መጠየቅ ማቆም ነበረባት ባይ ነኝ፤ ያን ቀን፣ ችሎቱ ላይ የሰማችውን እንደሰማች፣ ወደ ትምህርቷ። እታለም ደግሞ ትሂድ ነው የምትል። ትጠብቀው ማለቷ አይደለም፤ ይህን ደጋግማ አስረዳችኝ። ሄዳ ፊቱ ትቀመጥ፣ የሆነውን ሁሉ፣ የሷንም የሱንም፣ አንድ በአንድ ትንገረው፣ ከዚያ ከፈለገች ትተወው።

«ቢያለቅስባትስ?» አልኳት።

«ያልቅሳ። እሷም ታልቅስ። ዕቃ አልያዘች፣ እጇ ባዶ ነው፤ ምን አስቸኮላት?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽውም ታዲያ?»

ረከቦቱን ወደራሷ ሳብ አደረገችና በረካውን ቀዳችልኝ። «እኔማ ወረፋ ነበረብኝ» አለች።